የባለ ሾሁ ዓሣ ስም ይታረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አራት ኪሎ የምኖር ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ የልጆች ገጻችሁን ሳይ፣ ከአንድ ባለ ሾህ ዓሣ ፎቶ ሥር «ትሪያካንቲዴ» ብላችኋል። የለም! ይሄ «ትሪያካንቶዲዴ» ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ቤተሰባቸው ለየቅል ነው።

ሁለቱም የጀርባና የሆድ ሾሃቸውን አቁመው ይቆልፋሉ። ሁለቱም ሰውነቱን ከሚነፋው ዓሣ ጋር ይዛመዳሉ። ጅራታቸውን ግን እዩ። ትሪያካንቲዴ ጥልቀት በሌለው ባሕር ይኖራል፤ የጅራቱ ሥር ቀጭን፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የጥልቁ ባሕር ዘመዱ የትሪያካንቶዲዴ ጅራት ግን አይሰነጠቅም። እናንተ ያወጣችሁትም አልተሰነጠቀም። አለቀ።

ከዚሁ ከትሪያካንቶዲዴ ቤተሰብ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ አልኮክ በ1894 እ.ኤ.አ. «ትሪያካንቶደስ ኢቲዮፕስ» ብሎ የሰየመው አለ። ስሙን አይታችሁ የኛ ነው እንዳትሉ፤ የባሕር ዓሣ ነው፣ ከጣና ቆሮሶ ጋር አይተዋወቅም። ከቤተሰቡ የኔ ምርጥ ግን ማክሮራምፎሶደስ የሚባለው ነው። አፉ እንደ ቧንቧ የረዘመ ጉደኛ፣ የሌሎች ዓሦችን ቅርፊት እየላጠ ይበላል። የአንዳንዱ አፍ ወደ ቀኝ፣ የአንዳንዱ ወደ ግራ ዞሯል። ለልጆች ገጽ ከዚህ የተሻለ ወሬ ከየት ይመጣል?

እባካችሁ እርማቱን በሚቀጥለው እትም አውጡልን። የልጅ ልጄ ፎቶውን ቆርጣ ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች። «ጋዜጣው ነው ልክ» ብላ አፍንጫዬን ይዛኛለች።

አንድ አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ