የወረዳ ተወካዮቻችንን ስም ለጥፉልን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ፓርላማው ትጽፋላችሁ፣ ስለ ከተማው ምክር ቤትም ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው። ስለ ወረዳ ምክር ቤት አባላት ግን ብዙም አትጽፉም። እኔ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ከቀሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነው፣ እና የኛን የዕለት ኑሮ የሚነካው ነገር አብዛኛው የሚያልቀውም የሚበላሸውም ወረዳ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ እነዚህ ሰዎች ልጻፍ።

በሰፈራችን አንዲት የምክር ቤት አባል አሉ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማወደስ ሳይሆን ሥራው ምን እንደሚመስል ሰው እንዲያውቅ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። የቀበሌ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የብዙ አባወራ ነው፣ ስለዚህ የማንም አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር ይገነፍልና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ይፈሳል። መጣጭ መኪና ለማስመጣት መመዝገብና ወረፋ መጠበቅ አለ። ወረፋው ሲደርስ ደግሞ መግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናው አይገባም፣ ቱቦውም ከአስፋልቱ ድረስ አይደርስም። ሴትየዋ መጀመሪያ ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገሩና ገንዘቡ ከየቤቱ እንዲዋጣ፣ አቅም ለሌላቸው ደግሞ እድሩ እንዲሸፍንላቸው አስማሙ። ከዚያ ግቢውን ዞረው ሲያዩ ቱቦው በጎረቤት አጥር በኩል ቢያልፍ እንደሚደርስ ገባቸው። ጎረቤቱ እምቢ አለ። ሽታውን ፈርቶ ነው፣ አይፈረድበትም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። አመሻሽ ላይ ቤቱ ሄደው ቡና ጠጡ፣ ከባለቤቱና ከእናቱ ጋር ተጫወቱ፣ ሲወጡ ሰውየው ራሱ «የቱ ጋ ነው አጥሩ የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀ። መኪናው የመጣው ማታ ነው። ጃንጥላ ይዘው ሥራው እስኪያልቅ ቆሙ፤ የጎረቤቱን ደጅም በበረኪና ሳያስጠቡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም።

አንዳንድ ሰው ይህ የጽዳት ሠራተኛ ወይም የእድር ሥራ ነው ይላል። የወረዳ ምክር ቤት ሥራ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ መምረጥ፣ ሪፖርት ሰምቶ መቆጣጠር ነው ይላል። ልክ ነው፣ ሥራው እሱ ነው። ግን ሪፖርት የሚቀርብለት ሰው ሰፈሩን ካላወቀ ምን ብሎ ይጠይቃል? ሞልቶ በሚፈስ ሽንት ቤት አጠገብ የቆመ ሰው «የጽዳት አገልግሎት ተሻሽሏል» የሚል ወረቀት ሲነበብ ዝም ብሎ እጁን አያወጣም። እኔ የማምነው ይህን ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ የሚገኘው ግቢ ለግቢ በመዞር ነው።

ሌላ ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቴ ጣሪያቸው ያፈስ ነበር። ዝናብ ሲመጣ አልጋቸውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይጎትታሉ፣ ወለሉ ላይ ሳፋና ባልዲ ይደረደራል። የቀበሌ ቤት ስለሆነ ያለ ወረዳው ፈቃድ ቆርቆሮ መቀየር አይቻልም። ልጃቸው ቆርቆሮውን ገዝቶ ግቢ አስቀምጧል፣ የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነው። ማመልከቻ አስገቡ። «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ተባሉ፣ ሲመለሱም ያው ነው። የምክር ቤት አባሏ ፈቃድ መፈረም አይችሉም፣ ሠራተኛውን ማዘዝም አይችሉም። ያደረጉት ነገር ቢኖር በየግቢው ዞረው ምላሽ ያላገኙ የዕድሳት ማመልከቻዎችን በደብተራቸው መመዝገብ ነው፣ የገቡበትን ቀን ጭምር። ጉባኤው ላይ «የተስተናገደው ተነግሮናል፣ ያልተስተናገደውስ ስንት ነው?» ብለው ደብተሩን አነበቡ። የጎረቤቴ ፈቃድ ከዚያ በኋላ ወጣ። የሌሎች ሰዎችም ወጣ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈላቸው ደመወዝ የለም። ስልክ የሚደውሉት፣ ታክሲ የሚሳፈሩት ከጡረታቸው ነው። ሰው ሌሊት ሁሉ ይደውልላቸዋል፣ መብራት ሲጠፋም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኚህን ሴት የምናውቃቸው ሰፈራችን ውስጥ ስላሉ ነው፣ ዕድለኞች ስለሆንን ነው። ሌሎቹን የወረዳችንን ተወካዮች አላውቃቸውም። ጎረቤቶቼን ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። ለምን ብትሉ፣ የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው በሚያዝያ 2005 ነው፣ ያውም ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ያገለሉበት ምርጫ ነበር። የ5 ዓመቱ ጊዜ አልቆ በ2010 መመረጥ ሲገባን በፓርላማ ውሳኔ ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ወጥተን ተሰልፈን የመረጥነው ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ የወረዳ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልተሰጠንም። ያኔ በ2005 ከተመረጡት ውስጥ ያረፉ አሉ፣ ሥራ ቀይረው የሄዱ አሉ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ለወረዳው ግን አንድም ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።

በዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ መጣ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፣ ያንን አልክድም። ግን መሀል ከተማውን እዩት። ከፒያሳ ስንቱ ሰፈር ተነሣ፣ ከካዛንቺስ ስንቱ ሰው ገላን ጉራ ገባ። ተወካዩ ከሰፈርተኛው ጋር ሲነሳ እዚህ የቀረነው በማን ነው የምንወከለው? አዲስ ሰፈር የገቡትስ? እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቼ ውሃ ሲጠፋባቸው የሚደውሉት ለድሮው የፒያሳ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያኛው ወረዳ ምንም ሥልጣን የላቸውም፣ ከማዘን በቀር።

እኔ የምለው የወረዳ ምርጫ ይደረግ ነው። ቀኑ ይቆረጥና ይነገረን። እስከዚያ ግን ብዙ በጀት የማይፈልግ ነገር አለ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ የትኛው ቢሮ ስንት ቁጥር እንደሆነና አገልግሎቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገራል። እዚያው ጎን የምክር ቤት አባላቱ ስም ይለጠፍ፣ የትኛውን ቀጠና እንደሚወክሉና በሳምንት በየትኛው ቀን የት እንደሚገኙ ይጻፍ። አንድ ክፍል ይሰጣቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንኳ ቢሆን፤ ሰው ቤታቸው ድረስ እየሄደ በር እንዳያንኳኳ። ተወካይ ጥያቄ ሲያቀርብ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ እንዲመልስ ይደረግ፣ ምክንያቱም በቃል «እናየዋለን» የተባለ ነገር እንደማይታይ ሁላችንም እናውቃለን። ጉባኤው የሚደረግበት ቀንም ቀድሞ ይለጠፍ፣ ነዋሪ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ይስማ።

እናንተም ጋዜጠኞች አንድ ቀን ወደ አንድ ወረዳ ጉባኤ ብቅ በሉ። ምን እንደተጠየቀ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ ጻፉት። እኛ እናነበዋለን።

አንድ የፒያሳ ነዋሪ