«ልጸልይበት» ላልሽው ልጄ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንኳን ተወለድሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሞላሽ። ጠዋት ስደውልልሽ ይህን ሁሉ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ጠፋብኝ። አባትሽም ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ስለዚህ ማታ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። እንደ ልማድሽ ከመሃል ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። በተርታ አንብቢው።

እህትሽ ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጪያት፤ ወጥሬ ይዤ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። መጥተሽ ሥሪልን የሚለው የክሊኒኩ ደብዳቤ ከደረሰሽ ሁለት ወር አልፎታል አለች። እስካሁን መልስ አልጻፍሽም። መጀመሪያ ስትጠይቅሽ «ልጸልይበት» አልሻት። ባለፈው ሳምንት ስትጠይቅሽ ደግሞ «እየጸለይኩበት ነው» አልሻት።

ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ።

ያን ምሽት ታስታውሺዋለሽ? ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብሽ ነበር። «እማ፣ እግዚአብሔር እዚያ እንድሄድ የሚፈልግ ይመስለኛል» አልሽኝ። ዞር ብለሽ አላየሽኝም። እጅሽ ግን ውኃው ውስጥ ቆመ። መልሴን እየጠበቅሽ ነበር። እኔም «ጥሩ ነው፣ ጸልዪበት» አልኩሽ። የዚያን ጊዜ ስለ ጸሎት እያሰብኩ አልነበረም። እንድትቀሪልኝ ፈልጌ ነው። አትሂጂ ለማለት አፈርኩና በጸሎት ሸፈንኩት። አንቺ ደግሞ እናትሽን የምትሰሚ ልጅ ነሽ፤ እውነት መስሎሽ ተቀበልሽኝ። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን ስሚኝ። ያወቅሽውን ነገር «ልጸልይበት» እያልሽ አታቆዪው።

ጸሎት ተዪ አላልኩሽም። ልብ ውስጥ ብልጭ ያለ ሁሉ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው አልልሽም። ሐዋርያው ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ብሏል። አንቺ ግን መርምረሻል እኮ። ይህ ሸክም ከልብሽ ሳይወርድ ሦስት ዓመት ሆነው። መጋቢያችሁ አንቺ ምንም ሳትነግሪው ጠርቶ ያንኑ ነገረሽ። ቃሉን ስታነቢ የሚገጥምሽ እሱው ነው። ሙያው በእጅሽ ነው። በመጨረሻ ደብዳቤው መጣ። ከዚህ በላይ ምን እንዲመጣልሽ ነው የምትጠብቂው?

እስራኤልን እንዲያድን የታዘዘው ጌዴዎንም የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት ጠይቋል ትዪኝ ይሆናል። እንግዲያው መሳፍንት 6ን እንደገና አንብቢው። ጌዴዎን ምልክቱን ሲጠይቅ «እንደ ተናገርህ» እያለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ይላታል። የታዘዘውን ያውቃል ማለት ነው። ፈርቶ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። እግዚአብሔርም ታገሠው። በትዕግሥቱ ደስ ይበልሽ። የጌዴዎንን ፍርሃት ግን ሥርዓት አድርገሽ አትያዢው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለአባትሽ እንኳ በሙሉ ነግሬው አላውቅም።

በአንቺ ዕድሜ ነበርኩ፤ ገና አላገባሁም። በጉባኤያችን አንዲት እማማ ነበሩ። አንቺ ሳትወለጂ ነው ያረፉት። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ማንበብ አቃታቸው። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ እጄን ያዙኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየመጣሽ መጽሐፍ ቅዱስ ታነቢልኛለሽ?» አሉኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ያን ሰሞን ለሥራህ ተጠቀምብኝ እያልኩ በየማታው እለምን ነበር። መልሱ በእግሩ መጥቶ እጄን ይዞኝ ቆመ። ማን እንደላካቸው ወዲያው አወቅሁ። ከዚያ ፈገግ ብዬ «እማማ፣ ልጸልይበት» አልኳቸው።

አራት ወር አለፈ። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ነበረብኝ ብልሽ ውሸት ነው። አልነበረብኝም። ሐሙስ ሲደርስ ትዝ ይለኛል፤ «የሚመጣው ሐሙስ» እላለሁ። እሑድ እሑድ እንዳላገኛቸው በጎን በር መውጣት ጀመርኩ። በእነዚያ አራት ወራት አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር ተንበርክኬ አልጸለይኩም። ልጸልይበት ብዬ የተውኩት ነገር፣ አንድ ጊዜ ያልጸለይኩበት ነገር ነው። ይህን ስጽፍልሽ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

አንድ ሐሙስ ጨክኜ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የንባብ ድምፅ ይሰማል። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣ አሥራ አራት ወይ አሥራ አምስት ቢሆናት ነው፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። የምታነበው ነህምያ ምዕራፍ 3ን ነው። ያ ምዕራፍ ስም በስም ነው፤ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ሠራ ይዘረዝራል። ልጅቱ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ስሞቹ ላይ ትደናቀፋለች። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ያርሟታል። «ሜሱላም» ይላሉ። «ሜሱላም» ትልና ትቀጥላለች።

ቁጥር 5 ላይ ደረሰች። የቴቁሐ ሰዎች ቅጥሩን አደሱ፤ ታላላቆቻቸው ግን ለጌታቸው ሥራ አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም ይላል። ልጅቱ ምንም ሳይመስላት አልፋው ሄደች። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

እማማ ኮቴዬን ሰምተው «ማን ነው?» አሉ። ስሜን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ግቢ፣ ግቢ፣ እግዚአብሔር ይቺን ልጅ ሰጠኝ» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ ወንበር ላንቺ ነበር። ሁለት ወር ማንንም አላስቀመጥኩበትም» አሉኝ።

ይኸው ነው ታሪኩ። ማንም አልሞተ፣ ምንም አልፈረሰ። ሥራውም አልቀረም፤ ከእኔ የተሻለች ልጅ ሠራችው። አይሁድ እንዲጠፉ በታወጀ ጊዜ መርዶክዮስ ለንግሥት አስቴር በዚህ ጊዜ ቸል ብትዪ መዳን ከሌላ ስፍራ ይመጣል ብሎ እንደላከባት ታውቂያለሽ። እኔ ያን ቃል ለሌላ ሰው የተነገረ አድርጌ ነበር የምሰማው። ያን ቀን «ሌላ ስፍራ» የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። እስኪያርፉ ድረስ ስድስት ዓመት አነበበችላቸው። እማማ በየመሃሉ እያስቆሙ የሚያስረዷት ነገር ነበር አሉ። ምን ምን እንዳሏት አላውቅም። እሱ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

የራሴን አበዛሁብሽ። ግን ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ፦ ያወቅሽውን አታቆዪው።

ሳልረሳው፣ መነጽርሽ ተሰብሮ በፕላስተር አስረሽዋል አለች እህትሽ። እንደዚያ ሆነሽ መርፌ ልትወጊ ነው? አሠሪው፣ ተለዋጭም ያዢ። የሙያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያልፍበት ዛሬውኑ እዪ። የሚታደስ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት አሳድሺው። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይዘሽ አትዙሪ፤ ኮፒውን ያዢና ዋናውን ለአባትሽ ስጪው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ነህምያን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነህምያ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ እሱም አራት ወር ያህል ቆይቷል። የኢየሩሳሌምን መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ለንጉሡ የተናገረው በኒሳን። በመሃሉ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው ግን መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። መቼ እንደሚመለስ ቀኑን ተናገረ። ለገዢዎቹ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹና ለቅጥሩ እንጨት ጠየቀ፤ የዱሩ ጠባቂ አሳፍ እንደሚባል እንኳ ያውቃል። ሰውየው በጸሎቱ ውስጥ ሳለ ጓዙን እየጠቀለለ ነበር። ለዚህ ነው ከደረሰ በኋላ ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀው። የእኔ አራት ወር አንዲት ሳንቃ አላስገኘም። እስቲ ያንቺን ሁለት ወር እዪው። የትኛውን ይመስላል? እየጸለይሽ ከሆነ ምን ምን አዘጋጀሽ? ክሊኒኩን ምን ጠየቅሽ? መንገዱን አጣራሽ?

ደግሞም ጸሎቱ በቃ፣ ተነሡ የተባለበት ጊዜ አለ። ሙሴ በባሕሩ ዳር ሲጮኽ እግዚአብሔር «ወደ እኔ ለምን ትጮኻለህ?» አለው። ሕዝቡ እንዲጓዙ ንገራቸው አለው። ኢያሱ ልብሱን ቀድዶ በግንባሩ እንደ ተደፋ «ተነሣ» ተባለ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ጸለየ። እንደዚያ ያለ ጸሎት ማንም አልጸለየም። ሲጨርስ «ተነሡ፣ እንሂድ» አለ። የሚሄድበትን ደግሞ ያውቀዋል።

መሄድ ካልፈለግሽ አልሄድም በዪ። ከልቤ ነው የምልሽ። ለክሊኒኩም ጻፊላቸው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። አባታቸው ወደ ወይኑ እርሻ ሂዱ ባላቸው በሁለቱ ልጆች ምሳሌ አልሄድም ያለው በኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ እርሻ ሄደ። «እሺ ጌታዬ» ያለው ነው ያልሄደው። እኔ የፈራሁልሽ እንደ ሁለተኛው እንዳትሆኚ ነው። ሕሙማን እዚያ ሰልፍ ይዘው ሲጠብቁ አንቺ እዚህ «እየጸለይኩ ነው» እያልሽ እንዳትከርሚ።

እንደፈራሽ አውቃለሁ፣ ሆዴ። ሁለተኛው ዓመት እንዴት ይሆናል ብለሽ እህትሽን ጠይቀሻታል። ብቻዬን ብታመምስ ብለሻታል። እነዚህን ለኔ ያልነገርሽኝ እንዳልጨነቅ ነው፤ ይገባኛል። ሙሴም ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ሳለ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ምልክት ሰጠው። ምልክቱ ግን የሚታየው ሕዝቡን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው፦ በዚህ ተራራ ላይ ታመልኩኛላችሁ አለው። ለመነሻ የተሰጠው «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» የሚለው ቃል ነው። ተራራው ጋ የደረሰው ሄዶ ነው።

አንቺ ይህን በልጅነትሽ ታውቂው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ መብራት ሲጠፋ ደረጃው ላይ ቆመሽ «እማ፣ አለሽ?» ትዪኛለሽ። «አለሁ» ስልሽ ግድግዳውን እየዳበስሽ ትወርጃለሽ። ሻማ አምጪልኝ ብለሽ አታውቂም። ስንት ደረጃ ቀረኝ ብለሽ አታውቂም። እኔ ከታች ሆኜ የእግርሽን ድምፅ እቆጥር ነበር።

አሁን ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ደብዳቤውን አውጪው። መሳቢያሽ ውስጥ እንደሆነ ነግራኛለች። መልሱን ዛሬ ማታ ጻፊ። ረጅም አታድርጊው፤ እመጣለሁ ወይም አልመጣም። ነገ ጠዋት ብለሽ አታሳድሪው። የኔ ሐሙሶች ሁሉ እንደዚያ ነው ያለፉት። ከጻፍሽ በኋላ ጸልዪ። ያኔ ብዙ የምትጸልዪበት ነገር ይኖርሻል፤ እኔም አብሬሽ እጸልያለሁ።

ስለ እኔ ብለሽ የዘገየሽ እንደሆነ ግን ይህን ስሚ። ርብቃን ለይስሐቅ ሚስት እንድትሆን ሊወስዳት የመጣው ሰው በማግስቱ ልሂድ ሲል እናቷና ወንድሟ አሥር ቀን ያህል እንኳ ከእኛ ጋር ትቆይ አሉት። ድሮ ሳነበው እናቲቱ ታናድደኝ ነበር። እግዚአብሔር መንገዱን አቅንቶ እሷ ቀን ትቆጥራለች እል ነበር። ዘንድሮ ገባኝ። ልጅቱን ጠርተው «ትሄጃለሽን?» ብለው ጠየቋት። «እሄዳለሁ» አለች። እናቷ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች መጽሐፉ አልጻፈውም።

መልሱን ከላክሽ በኋላ ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፤ ስልኩን ራስጌዬ አደርገዋለሁ። የምትሄጂ ከሆነ በእኛ በኩል እለፊ። የተኛሽበትን አልጋ አንጥፌ እጠብቅሻለሁ። አሥር ቀን አልልሽም። አንድ ሌሊት ይበቃኛል።

እናትሽ