ጀማሪ የሮክ ባንድን በአንድ ምሽት ስለ መመዘን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በትንንሽ መድረኮች ስለሚጫወቱ ጀማሪ የሮክ ባንዶች ባወጣችሁት ግምገማ ላይ፣ መድረክ ላይ እየፈጠሩ መጫወት የዝግጅት ጉድለት ተደርጎ መቅረቡን አልቀበለውም። መድረክ ላይ እየፈጠረ በመጫወት የሚታወቀው ፊሽ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቬርሞንት ግዛት፣ በበርሊንግተን ከተማ፣ ኔክታርስ በተባለ መጠጥ ቤት ደጋግሞ በመጫወት ነው የበሰለው። ከበሮ መቺው ምቱን ሲያቀዘቅዝ ጊታሪስቱ የያዘውን ዜማ ትቶ መከተልን፣ ቤዝ ተጫዋቹም ክፍተቱን መሙላትን የሚለምዱት አድማጭ ፊት ነው፤ ያለ አድማጭ የሚደረግ ልምምድ ይህን ድፍረት አይሰጥም። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ሌላው የአሜሪካ የሮክ ባንድም አድማጮቹ ኮንሰርቶቹን በቴፕ እንዲቀዱ በመፍቀዱ፣ አንድ ዘፈን ከምሽት ወደ ምሽት ምን ያህል እንደሚለወጥ ዛሬ በጆሯችን ማነጻጸር እንችላለን። ስለዚህ ሐያሲያችሁ አንድን ባንድ ቢያንስ ሦስት ምሽት ሰምቶ እንዲጽፍ፣ የዘፈኖቹም ቅደም ተከተልና ርዝመት ከግምገማው ጋር እንዲታተም እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ