በትውልዳችን ምክንያት የሠርግ አዳራሽ ስለመከልከላችን የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

የታናሽ እህቴ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆርጧል። ለዚሁ አዳራሻችሁን ልንከራይ ቀብድ ከፍለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ የወንበሩና የድንኳኑ ነገር ሳይቀር ተነጋግረን ተለያየን። ሳምንት ሳይሞላ ከቢሮአችሁ ተደወለና «አዳራሹ ለካ ቀድሞ ተይዞ ኖሯል፣ መጥታችሁ ቀብዳችሁን ውሰዱ» ተባልን። ሰው ነውና ይሳሳታል ብዬ ልተወው ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የሥራ ባልደረባዬ ለዚያው እሑድ አዳራሽ ፈልጌ ነበር ብሎ ሲደውል ክፍት መሆኑን ከነዋጋው ነገራችሁት። እንዲያውም ቶሎ ካልከፈለ ሌላ ሰው እንደሚቀድመው አስጠንቅቃችሁታል።

ምክንያቱን ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣ አልደበቁኝም፤ ለዚህ እንኳ አመሰግናለሁ። ቀብዱን ልንከፍል የመጣን ዕለት የግምጃ ቤት ሠራተኛችሁ እናቴን ለይቷታል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። «እኔ በግሌ ምንም ችግር የለብኝም፤ ደንበኞቻችን ግን ባለጅ ከደገሰበት አዳራሽ አንገባም ይላሉ፣ ገበያችን ይበላሻል» አሉኝ። ቀጥለውም ቤቱ የግል ንብረት ስለሆነ ማንን እንደሚያስተናግድ የመምረጥ መብት አለው አሉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በተለይ ይህ የመጨረሻው አነጋገርዎ ነው።

አስቀድሜ ግን ሠራተኛችሁ እናቴን ከየት እንደሚያውቃት ልንገርዎ። በዚህ ጾም ለእንግዳ እየተንተከተከ የሚቀርበው ተጋቢኖ የሚፈላበት ድስት የእሷ እጅ ሥራ ነው። ቡና የሚፈላበት ጥግ የተደረደሩት ጀበናዎችም የእሷ ናቸው። አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር ለውሳ፣ ረግጣ፣ በእጇ ዙሪያውን እያነሣች ትሠራዋለች፤ በለስላሳ ድንጋይ አሽታ፣ አድርቃ፣ በኩበት እሳት ትተኩሰዋለች። ከዚያ አዝላ በኋለኛው በር ታስገባላችኋለች። ሠራተኛችሁ እያንዳንዱን ድስት አንሥቶ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይቀበላል፤ ድምፁ ከታፈነ «ስንጥቅ አለው» ብሎ ይመልሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱን አልወቅስም። ብቻ ደንበኞቻችሁ ከዚያ ድስት እያጠቀሱ በልተው ምንም አልሆኑም። እናቴ በዓይኗ የበላችው የሆቴሉ እንግዳ ካለ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ማሳከሚያውን እኔ እከፍላለሁ።

አሁን ወደ መብቱ ልመለስ። ሳሎንዎ ማንን እንደሚጋብዙ የሚጠይቅዎ የለም። ሆቴሉ ግን የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ታፔላ ሰቅሎ፣ በሩን ለሕዝብ የከፈተ ቤት ነው። ሰክሮ የሚረብሽን፣ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣን፣ መሣሪያ ታጥቆ ልግባ የሚልን መመለስ ትችላላችሁ፤ እኔም ብሆን እመልሰዋለሁ። እነዚህ የሚመለሱት ባደረጉት ነገር ነው፣ ነገ አመላቸውን አርመው ቢመጡ ይገባሉ። እናቴ የተመለሰችው በተወለደችበት ቤት ምክንያት ነው። የሃይማኖቱን ነገርም እንደ ምሳሌ አንሥተውልኝ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ሙስሊሙን አልከለከለም፤ ሙስሊሙ ገብቶ ሽሮውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። የምትሸጡትን መምረጥና የምትሸጡለትን ሰው በዘሩ መምረጥ አንድ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ ልዩነት ከማይደረግባቸው ነገሮች መካከል ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን በስም ጠርቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል። አገልግሎት ሰጪ ሰውን በትውልዱ ቢመልስ ይህን ያህል ይቀጣል የሚል፣ ማንም ሊያጣምመው የማይችል ቃል ቢጨመርበት እኔ ደስታውን አልችለውም። እስከዚያው ግን ያለው ሕግ ለእናንተ ፈቃድ የሚሰጥ አይመስለኝም። ይህ ነገር ከአዲስ አበባ የመጣ ወሬም አይደለም። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ሥዕላቸውን እንግዳ መቀበያችሁ ላይ ሰቅላችሁታል።

«ገበያ ይበላሻል» የሚለውን ግን ቀልድ ነው ብዬ አላልፈውም። ደንበኛ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ በዚህ አገር አድጌአለሁ። ነገር ግን አንዱ ሆቴል ደንበኛ ፈርቶ ሲመልሰን፣ ሁለተኛው «እነዚያ የመለሷቸውን እኛ ብንቀበል ምን እንባላለን» ብሎ ይመልሰናል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ ይመልሰናል። አንድም ክፉ ሰው ሳይኖር እናቴ በከተማው የምትቀመጥበት ወንበር ታጣለች። ክልከላው ለነጋዴው ፈቃድ መተው የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ሕግ ከታሰረ አኩራፊው ደንበኛ የሚሄድበት ሌላ ቤት ስለማይኖረው ተመልሶ እናንተው ዘንድ ይቀመጣል። ሕጉ እናቴን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ቀናውን ነጋዴም ከደንበኛው ኩርፊያ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አዳራሹ ለተባለው እሑድ እስከ አሁን ካልተያዘ በተዋዋልንበት ዋጋ ይለቀቅልን። ከተያዘም ውላችን የፈረሰበት እውነተኛው ምክንያት በማኅተምና በፊርማ ተጽፎ ይሰጠን። ይቅርታውን ለእኔ አይበሉኝ፤ ቀብዱን ከመቀነቷ ፈትታ የከፈለችው እናቴ ናት፣ እሷን ይጠይቋት። ሠራተኞቻችሁም ሰውን በሙያውና በትውልዱ እንዳይመልሱ የጽሑፍ መመሪያ ይውረድላቸው።

ባለፈው የላካችኋቸው ሽማግሌ «በወረቀት አታክርረው፣ በእርቅ እንያዘው» ብለውኛል። ሽበታቸውን አከብራለሁ፣ እርቅም አልጠላም። ግን ሽማግሌው የሚቀመጡት ጥፋቱ ከታመነ በኋላ ነው፤ የእናንተ መልስ ገና አልመጣም። እስከ መጋቢት 25 ቀን ምላሽ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ከነአባሪው ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ እና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስገባለሁ።

እናቴ ለፋሲካ ያዘዛችኋትን ድስት ጨርሳለች። ይህ ጉዳይ እስኪቋጭ ግን አታስረክብም፤ የወሰነችው ራሷ ናት፣ እኔ አላልኳትም።

ከሰላምታ ጋር
የሙሽራዋ ወንድም
(ፊርማ)

አባሪ፦ የቀብድ ደረሰኝ ቅጂ