ማሙሽ፣ የአባባን ቦታ እንዳትሸጡ

ማሙሽዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እናብዛው። ትናንት የላክህልኝን ድምፅ አውቶቡስ ውስጥ ሁለቴ ሰማሁት። ደላላው «የስፖንሰር ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ የኬር ሥራ ነው፣ 900 ሺህ ብር ብቻ» አለህ፣ እናንተም የአባባን ቦታ ልትሸጡ ነው። እንዳትነኩት።

ስማኝ። እንግሊዝ ለኬር ሥራ፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ለመንከባከብ ማለት ነው፣ ከውጭ ሰው ማስመጣት በፈረንጆቹ ጁላይ 22፣ 2025 አቁማለች። ተዘግቷል። ወረቀት የሚሉትም ወረቀት አይደለም፣ ከውጭ ሠራተኛ የማስመጣት ላይሰንስ ያለው አሠሪ ከሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤታቸው ነው) ሲስተም የሚያወጣው ቁጥር ነው። ላይሰንስ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። የድርጅቱን ስም ጠይቀውና ላክልኝ። አይነግርህም፣ አውቀዋለሁ። በአካውንቲንግ ዲግሪህ የሚወስድህ ቢገኝ እንኳ በአብዛኛው በዓመት ቢያንስ 41,700 ፓውንድ ሊከፍልህ ግድ ነው፤ ይህን የሚከፍል ሰው ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የሚጠብቅህ ደላላ ምን ያደርግለታል?

«አንቺ ገብተሽ በሩን ልትዘጊብኝ ነው» ያልከው ግን አመመኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለእማዬ እንዳታነብላት፣ ግፊቷ ይነሳል።

ሦስት ወር የጠፋሁት ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። ያመጣኝ ድርጅት ላይሰንሱን ተነጠቀ። ያጠፋው እሱ፣ ደብዳቤው የመጣው ለእኔ። ቪዛዬን ወደ 60 ቀን አሳጠሩት፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ካልተገኘ ሻንጣህን ይዘህ መውጣት ነው። ፍሪጁ ላይ ካሌንደር ለጥፌ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝ ነበር። በ51ኛው ቀን አንድ ድርጅት እሺ አለኝ። እሱም ቢሆን አዲሱ ቪዛ እስኪወጣ መሥራት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ቁጭ። የእማዬን ሽሮ «ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?» ብዬ ተቆጥቻት አልነበር? ላስቲኩን አራግፌ ጨረስኩት። አሁን ደህና ነኝ፣ እውነቴን ነው።

ሌላም አለ። የስፖንሰርነቱ ክፍያ የአሠሪው ነው፣ ዛሬ ሠራተኛ ላይ መጣሉ ክልክል ነው። እኔ ግን ስመጣ ለደላላ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፣ የእማዬ ሀብል የተሸጠው ለዚያ ነው። ምን ላድርግ፣ አላወቅሁም ነበር። ያ ሀብል ለሚጣ ሠርግ እንደተቀመጠ ግን አውቅ ነበር።

ስለዚህ ማክሰኞ የላክሁት ብር ለድንኳንም ለሥጋም አይደለም። እማዬን ይዘሃት ወርቅ ቤት ሂድ፣ ራሷ ትምረጥ። ያኛውን የሚመስል ካጣች አታጣድፋት፣ ታውቃታለህ፣ አምስት ሱቅ ትዞራለች። መድኃኒቷንም ሳትውጥ እንዳትወጣ።

ለሠርጉ አልመጣም። «ሥራው አዲስ ስለሆነ ፈቃድ አልሰጧትም» በላቸው፣ ግማሹ እውነት ነው። ለሚጣ ግን አንተ አትንገራት፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ፤ እስካሁንም አስሬ ስልኩን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ደግሞ ሙሽራው ጨዋ ይመስላል፣ ፎቶ ላይ አንገቱን መድፋቱን ወደድኩለት።

እማዬ ሀብሉን ስታጠልቅላት በቪዲዮ ደውልልኝ። በዚያ ሰዓት የ91 ዓመት እመቤቴን ቁርስ እያበላሁ ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ አብረን እናያለን ብለዋል። ስልኩን አግድም ያዘው፣ ቀረብም በል፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል።

እህትህ