ሚንክ ከብት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለፀጉራማ ቆዳቸው እንስሳትን ማርባት ይታገድ ወይስ ይቀጥል በሚለው ክርክር ላይ፣ የእንስሳት ሐኪም እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ከብትስ እናረባ የለ? ይህ በምን ይለያል?» የሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል። ከብት ከሰው ጋር ለሺህ ዓመታት ኖሯል፤ ለፀጉራማ ቆዳው የሚረባው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ሚንክ ግን ዛሬም በጠባዩ አውሬ ነው። ለዋና በተፈጠረ እግሩ ወንዝ ለወንዝ እያደነ ብቻውን የሚኖረውን ፍጥረት፣ በሺዎች መካከል፣ በሽቦ ወለል ላይ ዕድሜውን ሙሉ ማጎር በየትኛውም እንክብካቤ አይካስም። ያለ ፋታ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስና የገዛ ጅራቱን ሲነክስ ያየ ሐኪም «ጤነኛ ነው» ብሎ ሊፈርም አይገባውም።

በሽታውም አለ። ኮሮና ቫይረስ ከሚንክ ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ ዴንማርክ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሚንኮቿ እንዲወገዱ ወሰነች። ኔዘርላንድስም ለ2024 ቀጥራው የነበረውን የሚንክ እርባታ እገዳ ወደ 2021 መጀመሪያ አቀረበችው።

«እኛ ብናግድ ሌላው ያረባል» ለሚሉት መልሱ የፀጉራማ ቆዳ ሽያጩንም ማገድ ነው፤ እስራኤልና ካሊፎርኒያ ይህን በሕግ ደንግገዋል። አርቢዎች ካሳና የመሸጋገሪያ ጊዜ ማግኘታቸውን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ገንዘቡ ግን ወደ ሌላ ሥራ ለመሻገር እንጂ የሽቦ ቤቱን ለማሳመር መዋል የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም