ለተማሪዬ አሟልቼ ያልመለስኩት ጥያቄ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለ19 ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የዘር መረጃ ከሚይዘው ዲ ኤን ኤ ወደ ቅጂው አር ኤን ኤ፣ ከዚያ ወደ ፕሮቲን። አምና አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ፕሮቲን የማይወጣው አር ኤን ኤስ ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ፕሮቲን ስለሚገጣጠምበት የሕዋስ ክፍል፣ ስለ ራይቦሶም፣ ጥቂት ነግሬአት ደወል ተደወለ።

በዚያው ዓመት ወንድሜን በጉበት ካንሰር ቀበርኩት። 41 ዓመቱ ነበር። ዓይኑ እርድ ሲመስል ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ቅጠል ሲጨመቅለት እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ዕጢው ጉበቱን ሞልቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉበት ካንሰር የማገኘውን ሁሉ አነባለሁ፤ የተማሪዬ ጥያቄም መልስ እዚያው ጠበቀኝ። ጉበት ውስጥ ካለው ማይክሮ አር ኤን ኤ፣ ማለትም በጣም አጭር ከሆነው የአር ኤን ኤ ዓይነት፣ 70 በመቶ ያህሉ ቁጥር 122 የተሰጠው አንዱ ዓይነት ነው። ፕሮቲን አይሠራበትም፤ ሌሎች አር ኤን ኤዎች የሚያደርሱትን የፕሮቲን መልእክት እየያዘ ያስቀራል። በብዙ የጉበት ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ መጠኑ ወርዶ ይገኛል። እርሱን እንዲያጡ የተደረጉ አይጦች ጉበታቸው ስብ ይቋጥራል፣ ይቆጣል፣ ውሎ አድሮ ዕጢ ያወጣል። ጉበት የሚያጠቃውና ወንድሜን የያዘው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ይህንኑ ጠባቂ እንደሚያሳንስ ታይቷል። ሃልክ የተባለው፣ እርሱም ፕሮቲን የማይወጣው ረጅም አር ኤን ኤ ግን በዕጢው ውስጥ ይበዛል።

ማይክሮ አር ኤን ኤን በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊ ሜትር ከምታክል ትል ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ናቸው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኖቤል ሲሸለሙ ጋዜጣችሁ በሁለት መስመር አለፈው። ቅር ብሎኛል። እባካችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት፤ የጉበት ሐኪሞቻችንንም አናግሩ። ተመራማሪዎች እነዚህን አር ኤን ኤዎች ከደም ለክተው ካንሰሩን በጊዜ ለመለየት እየደከሙ ነው። ያ ምርመራ እኛ ዘንድ እስኪደርስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበት ሰው ቤተሰብ ሁሉ ደሙን እንዲመረመር ጻፉ።

እኛ ከቀብሩ በኋላ አራታችንም ተመረመርን። ታናሽ እኅቴ ተገኘባት። ምንም አያማትም ነበር። አሁን በየ6 ወሩ ደብረ ብርሃን ድረስ እየሄደች በአልትራሳውንድ ትታያለች፤ እስካሁን ጉበቷ ንጹሕ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት
ከሸዋ ሮቢት